ቡና የሌለው ሰው የጠራው ደቦ

ወጥ እሳት ላይ የጣደ ሰው ካለ አውርዶ ይምጣ፤ ወሬዬ ረዘም ይላል። መቱ ውስጥ «የደምሴን ወሬ ለሁለት ከፍለህ ግማሹን ስማ» የሚሉ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ምቀኝነት ነው። እነሱ ሲያወሩ ሰው ያዛጋል፣ እኔ ሳወራ ሰው የሚሄድበትን ይረሳል። ይቺን ግን ሳትከፍሉ ሙሉዋን ስሙኝ።

ጣሊያን ተባሮ፣ ጃንሆይ ተመልሰው፣ በየአገሩ ተማሪ ቤት ከተከፈተ ቆየት ብሎ ነው። እኔ ያኔ ሠላሳ ዓመት ያልሞላኝ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። የአንድ ነጋዴ ሱቅ በረንዳ ላይ የልብስ መኪናዬን ዘርግቼ፣ በእግሬ እየረገጥኩ፣ በአፌ እያሳቅኩ እውላለሁ። ተማሪ ቤት ደጁን አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ጣቃ ጨርቅ ላይ ከተለጠፈ ወረቀትና ስኳር ከሚጠቀለልበት አሮጌ ጋዜጣ ነው። ከዚያ ወንጌልን ከዳር እስከ ዳር ብቻዬን አነበብኩት። አማርኛውን እንደ ሸዋ ሰው፣ ኦሮምኛውን እንደ ባላገሩ እናገራለሁ። ወገብማ ሜትር አያስፈልገኝም፣ በዓይኔ እለካለሁ። ይሄ ጉራ አይደለም፣ የሚታወቅ ነው።

ያኔ ከፍ ያለው ክፍል ያለው መቱ ብቻ ስለነበር ከሁሩሙም፣ ከኡካም፣ ከዳሪሙም ልጆች እየመጡ፣ ለአምስት ለስድስት እየሆኑ ጎጆ ተከራይተው ይማሩ ነበር። አርብ ከትምህርት ሲወጡ በእግራቸው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። እሑድ ማታ የሳምንት ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ፤ የበቆሎ ቂጣ፣ ቆሎ፣ ጎደሬ፣ ደህና ቤት ያለው ደግሞ ማር። ያ ስንቅ ሐሙስን አያልፍም። አርብን በቁርጥራጭ ገፍተው፣ ቅዳሜና እሑድ እናታቸው ጋ ይጠግባሉ። ነገሩ የሚሄደው እንዲህ ነበር።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ገብቶም ዝናቡ እምቢ አለ። በዳሪሙ መንገድ ያለው ወንዝ ሞላና የግንድ ድልድዩን ይዞት ሄደ። የሁሩሙና የኡካ ልጆች እንደ ልማዳቸው ቤታቸው ሄዱ። የዳሪሙዎቹ የተረፋቸውን ቆሎ እየቆጠሩ መቱ ቀሩ። አንድ ቅዳሜና እሑድ እንደዚያው አለፈ። እኛ ከተሜዎቹ ልብ ያልነው የለም።

በሁለተኛው አርብ ከቀትር በኋላ ገመቹ የሚባል የዳሪሙ ልጅ፣ ከሁሉም ትልቅየው፣ በረንዳዬ ላይ መጣ።

«ጋሼ ደምሴ፣ የዚችን ሱሪ ወገብ ያጥብቡልኝ» አለኝ።

አየሁት። ለእንቁጣጣሽ እኔው ራሴ የሰፋሁለት ካኪ ሱሪ ነው።

«እኔ የሰፋሁት ሱሪ ሰፋ ነው የምትለኝ? የደምሴ ስፌት ሰፍቶ አያውቅም! አንተ ነህ የጠበብከው። ወገብህን ለማን አውሰኸው ነው?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ ይፈርስ ነበር። አሁን ግን ሱሪውን ማጣጠፍ ያዘ። ልክ በዚያ ሰዓት ሚስቴ አስካለ ምሳዬን ይዛ መጣች። ሳህኑ ሲከፈት ልጁ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

«ና ብላ» አልኩት።

«በልቻለሁ ጋሼ። እግዜር ይስጥልኝ።»

«ምን በላህ?»

«ምሳ።»

«ምሳ የሰዓት ስም ነው እንጂ የምግብ ስም አይደለም። ምን በላህ ነው ያልኩህ።»

ሱሪውን በእጁ እንደያዘ «ሌላ ቀን እመጣለሁ» ብሎ ሄደ። አስካለ በዓይኗ ሸኘችውና ጎርሼ ያላኘክሁትን የሚያስተፋ ነገር ተናገረች።

«እነዚህ ልጆች ከአጥራችን ማዶ አይደል ያሉት? በየቀኑ ቀትር ላይ ሳህናቸውን ደጅ አውጥተው እያንኳኩ ያጥባሉ። ዛሬ ጠጋ ብዬ አየሁ። የሚፈሰው ውሃ ጥርት ያለ ነው ደምሴ። ሳህኑ ላይ ምንም አልነበረም። እኛ እንድንሰማ ነው የሚያጥቡት።»

ምሳዬን አልጨረስኩም። እኔ ምሳ ሳልጨርስ የቀረሁት በዕድሜዬ ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱ የጣሊያን አውሮፕላን የመጣ ቀን ነው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አስካለ ሽሮና እንጀራ በአገልግል ሞልታ አስያዘችኝና ወደ ልጆቹ ጎጆ ሄድኩ። ሰባት ስምንት ይሆናሉ፤ ደብተር ዘርግተው ተቀምጠዋል። አንዱ ትንሽዬ ሆዱን በጉልበቱ ደግፎ ያነባል። ጥግ ላይ አዲስ የቃጫ ገመድ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

«የምን ገመድ ነው?» አልኩ።

«ነገ ጠዋት ወንዙን የምንሻገርበት ነው» አለ ገመቹ። «እኔ ቀድሜ ዋኝቼ ማዶ ካለው ዛፍ አስረዋለሁ፤ እነሱ ይዘውት ይመጣሉ።»

ያ ወንዝ ሲሞላ በሬ የሚያንከባልል ወንዝ ነው። ጎበዝ ነን ያሉ ስንት ጎልማሶች የቀሩበት ነው።

«አብዳችኋል? ይልቅ ይቺን ብሉ» ብዬ አገልግሉን አስቀመጥኩ። ትንሽዬው እጁን ሰደድ አደረገ። ገመቹ ዓይኑን ጣል ሲያደርግበት እጁን መለሰ።

«ጋሼ፣ አክብረውናል» አለኝ፤ ድምፁ አልተቆጣም፣ ግን ቀጥ ያለ ነው። «አባቴ ሁለት ጎተራ እህል አለው። የእነዚህም አባቶች አላቸው። ወንዝ ሞላ እንጂ እኛ አልደኸየንም። ኑቲ ከዻቱ ሚቲ።»

ለማኞች አይደለንም ማለቱ ነው። ዛሬ አገልግል ከተቀበሉ ነገ «የዳሪሙ ልጆች በመቱ ደጅ ለደጅ» ተብሎ ገበያ ላይ ይወራል፤ የሚያፍሩት እነሱ ብቻ ሳይሆኑ አባቶቻቸው ናቸው። እኔም የዚህ አገር ሰው ነኝና ገባኝ። ረሃቡን ችለውታል። ያልቻሉት ስሙን ነው። ለዚህ ስም ብለው ደግሞ ነገ ጠዋት ውሃ ውስጥ ሊገቡ ነው።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ጋ አልቅሶ ይመለስ ነበር። የእኔ አፍ ግን ከጭንቅላቴ ይቀድማል፤ ብዙ ጊዜ ጣጣ ያመጣብኛል፣ ያን ቀን ግን ሰው አወጣ።

«ማን ልስጣችሁ አለ?» ብዬ ጮህኩ። «እኔ ምግብ ላድል የመጣሁ መሰላችሁ? ደቦ ልጠራችሁ ነው የመጣሁት! ነገ ቡናዬ ይለቀማል።»

ደቦ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሥራ የበዛበት ሰው አገሬውን ይጠራል፤ የተጠራ ሰው አልመጣም አይልም፤ የጠራው ደግሞ አጥግቦ ያበላል። በደቦ ላይ የበላ ሰው በልቶ አፈረ ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እንዲያውም ካላጠገቡት የሚያፍረው ጠሪው ነው።

ገመቹ ትክ ብሎ አየኝ። «ጋሼ፣ ቡና አለዎት እንዴ?»

«ሞልቶኛል!» አልኩ። ጓሮዬ ያለው ሦስት እግር ጌሾ ነው።

«ታዲያ ይሄ አገልግልስ?»

«የጥሪ ነው። በእኛ ዘንድ ደቦ የተጠራ ሰው ጥሪውን የሚቀበለው በልቶ ነው።»

«ዳሪሙ እንዲህ ያለ ልማድ የለም።»

«መቱ አለ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከተቆረቆረ ጀምሮ! ከመምህርህ ጋር እንዲህ ትከራከራለህ? በል ቁረስ!»

ልጆቹ ሁሉ ወደ ገመቹ አዩ። እሱም ክዳኑን አነሳ፤ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልሎ ለትንሽዬው አጎረሰው። እኔ ቶሎ ብዬ ወጣሁ። ዓይኔ ውስጥ ጭስ ገብቶ ነው።

ቤት ስደርስ ለአስካለ ነገርኳት።

«ደቦ ጠራህ?» አለች ወገቧን ይዛ። «በምኑ ላይ? በጌሾው? ስምንት ልጅ በሦስት እግር ጌሾ ላይ ሊንጠለጠል ነው?»

«ቡና ፈልጌ እመጣለሁ።»

«ሰው ቡና ይተክላል እንጂ ለነገ ቡና ፍለጋ በማታ ይወጣል?» አለችና ነጠላዬን አቀበለችኝ።

ከከተማው ጫፍ ሰፊ የቡና መሬት ያላቸው እትዬ የሺመቤት የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። ወላጆቻቸው ከሰሜን የመጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ጾም የማይሽሩ፣ ቃላቸው እንደ ሚዛን ድንጋይ የከበደ ሴትዮ። ቋጣሪ ናቸው ይባላል። እኔ አላልኩም። ስደርስ በረንዳቸው ላይ ሆነው ቡናውን እያዩ ይበሳጫሉ። ቀይቷል፣ መርገፍ ጀምሯል፤ ለቃሚዎቻቸው ሁሉ የዳሪሙ ሰዎች ናቸውና ወንዙ ማዶ ቀርተዋል።

«እትዬ፣ ለቃሚ አመጣሁልዎት» አልኳቸው።

«አንተ? መርፌ እንጂ ለቃሚ ከየት ታመጣለህ?»

ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ሳህኑንም፣ ገመዱንም። ሰምተውኝ ሲያበቁ ጣታቸውን ነቀነቁ።

«ነገ ቅዳሜ ነው። ሰንበት ነው። ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ በሰንበት እርሻችን ላይ ሰው ጎንበስ ብሎ አያውቅም። ሰኞ አምጣቸው።»

«ሰኞ ትምህርት ነው እትዬ። ሰኞማ ልጆቹ ወንዝ ውስጥ ናቸው!»

«ልመናና ቀልድህን ሌላ ቤት አድርግ።»

እዚህ ጋ ነው ያ ሁሉ ንባቤ የጠቀመኝ። «እትዬ የሺመቤት፣ የጌታ ደቀ መዛሙርት በሰንበት ቀን በእርሻ መካከል ሲያልፉ ርቧቸው እሸት ቀጥፈው አልበሉም? ጌታስ የከሰሷቸውን አሳፍሮ አልመለሰም?»

«ወይ ጉድ! የሱሪ ሰፊ ወንጌል ሊያስተምረኝ! ከራስህ ፈጥረህ ነው።»

«የነፍስ አባትዎን ይጠይቁ!»

የነፍስ አባታቸው አባ ወልደ ሚካኤል ጎረቤታቸው ናቸው። በአጥር ጠራኋቸው። መቋሚያቸውን ይዘው መጡ፤ ሁለታችንንም ሰሙ። ከዚያ እኔን ከእግር እስከ ራስ አዩኝ።

«ይሄ ሰውዬ» አሉ፣ «ባለፈው ፋሲካ የቀሚሴን እጅጌ አንዱን ረጅም አንዱን አጭር አድርጎ የሰፋ ሰው ነው።»

ወደ በሩ ፈቀቅ አልኩ።

«ግን ዛሬ ያለው ልክ ነው። ተጽፏል። መሬት አይቆፈር፣ አይታረስ። የተራበ ልጅ በሰንበት ፍሬ ቢለቅምና ቢጠግብ እኔ እጠየቅበታለሁ፣ የሺመቤት። አንቺ የምትጠየቂው ልጆቹ ወንዝ ሲገቡ ዝም ካልሽ ነው።»

እትዬ የሺመቤት መሬት ላይ የረገፈውን ቡና አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ለመሆኑ ምግቡን ማን ነው የሚያወጣው?» አሉኝ።

«ደቦውን የጠራሁት እኔ ነኝ፤ አስካለ ሽሮ...»

«ሽሮ!» ብለው ተነሡ። «በእኔ ማሳ ላይ ደቦ ውሎ ሽሮ ተበላ ተብሎ እስከ ኡካ ሊወራብኝ? ሂድ ከፊቴ! ልጆቹን ብቻ በጠዋት አምጣ።»

እየዘለልኩ ነው ቤቴ የገባሁት። ሥራው ሁሉ ያለቀ መሰለኝ። ታዲያ አንድ ነገር ረስቼ ኖሯል። ልጆቹን ደቦ ስጠራ የት እንደሆነ አልነገርኳቸውም።

ጠዋት የጎጇቸውን ሳንቃ ሳንኳኳ መልስ የለም። ገፋ አደረግኩት። ደብተሮቹ ተደርድረዋል፣ የአስካለ አገልግል ታጥቦ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ገመዱ የለም። የቤት አከራያቸው ከጓዳቸው ብቅ አሉ።

«ልጆቹ የት ሄዱ?» አልኩ።

«በማለዳ ተነሥተው መንገደኛውን ሁሉ ‹የጋሼ ደምሴ ቡና በየት በኩል ነው?› እያሉ ሲጠይቁ ነበር። ሰዉ ሳቀባቸው። ‹የደምሴ ቡና ስኒው ውስጥ ነው› አሏቸው። ከዚያ ትልቁ ልጅ ገመዱን ይዞ ወጣ።»

ሮጥኩ። ሩጫዬን ያየ ሰው ዛሬም ያወራዋል፤ ሜትሩ አንገቴ ላይ እየተንጠለጠለ፣ ነጠላዬ እየወደቀ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ። የዳሪሙ መንገድ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይይዛል። የወንዙ ድምፅ ከወንዙ በፊት ተሰማኝ። እየሮጥኩ «ዋሽተህ ገደልካቸው ደምሴ» እላለሁ ለራሴ።

ስደርስ ልጆቹ ዳር ላይ ተደርድረዋል። ገመቹ ሸሚዙን አውልቋል። ገመዱን ወገቡ ላይ አስሯል፣ ጫፉን ልጆቹ ይዘዋል፣ ውሃው ጉልበቱ ጋ ደርሷል።

«ገመቹ! ቁም!»

ዞሮ አየኝ። «ዋሽተውናል ጋሼ። ቡና የለዎትም። እኛን ለማብላት ብለው ነው።»

«ቡናው የእትዬ የሺመቤት ነው! ለእሳቸው ነው የጠራሁት! ለቃሚዎቻቸው ማዶ ቀርተውባቸው ቡናቸው እየረገፈ ነው፤ ያውላቸው!» ብዬ ወደ ማዶ ጠቆምኩ፤ እውነትም ማዶ ሰዎች ቆመዋል። ቀና ብዬ ሳይ ግን ለቃሚዎች ብቻ አልነበሩም። ስንቅ የተሸከሙ አባቶችም አሉበት። ልጆቻቸው እንዳልመጡ አይተው፣ ምናልባት ውሃው ጎድሎ ይሆናል ብለው መጥተው፣ እንደኛው ወንዙን ያያሉ። ከመካከላቸው አንድ ረጅም ሰውዬ ጆንያ ትከሻው ላይ እንደያዘ ውሃው ውስጥ ያለውን ልጅ አይቶ እጁን እያወዛወዘ ይጮሃል። ወንዙ ድምፁን ይበላዋል።

«አባቴ ነው» አለ ገመቹ፤ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ። ውሃው ጭኑን ያዘው። ትንሽዬው ልጅ ገመዱን በሁለት እጁ ይዞ ማልቀስ ጀመረ።

ወንድሞቼ፣ ድምፅ አለኝ። ተማሪ ቤት ባልገባም ድምፅ አለኝ። እጄን አፌ ላይ አድርጌ በኦሮምኛ ጮህኩ፦ «የገመቹ አባት! እነዚህን ልጆች ደቦ ጠርቻቸዋለሁ! የቡና ለቀማ ደቦ! ምግብ ተሰናድቷል! ጥለውኝ ሊሄዱ ነው!»

ሰውዬው ጆንያውን መሬት አስቀመጠ። ጆሮውን በእጁ ደገፈ። ደግሜ ጮህኩ። ደግሜ። ሦስተኛው ላይ ሰማኝ። አጠገቡ ካሉት ጋር ተነጋገሩ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ወንዙንም የሚያስደነግጥ ድምፅ አወጣ፦

«ገመቹ! ዴቢኣ! ተመለሱ! ደቦ ተጠርቶ የሚቀር ልጅ አልወለድኩም!»

ገመቹ ቆመ። አባቱን አየ፣ ወንዙን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ወደ ኋላ እየተራመደ ወጣ። ገመዱን የፈታሁለት እኔ ነኝ። ቋጠሮው በውሃ ጠብቆ አልፈታ ብሎኝ ትንሽ ታገልኩ።

«ጋሼ፣ መቀስ የለዎትም?» አለኝ፤ ጥርሱን በብርድ እያንቀጫቀጨ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከእሱ የሰማሁት የመጀመሪያ ቀልድ ነው።

እትዬ የሺመቤት ደጃፍ ስንደርስ በሩ ላይ ቆመው ነበር። እርጥብ ልጅ፣ ባዶ እግር ሰፊ፣ የሚያለቅስ ሕፃን አዩ። 

«ሰው ሳይበላ ማሳዬ አይገባም» አሉ።

ጠዋት ገንፎ በቅቤና በማር አበሏቸው። ከዚያ ልጆቹ ቅርጫት ይዘው ገቡ። እንዴት ለቀሙ መሰላችሁ! የቡና ልጆች ናቸው፤ እጃቸው ቅርንጫፉን አይጎዳም፣ ቀዩን እንጂ አረንጓዴውን አይነካም። እኔ ተከትያቸው ስለቅም ገመቹ ቅርጫቴን አየና፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ይቀልዱ፤ እኛ እንለቅማለን» አለኝ። እኔም ቀለድኩ። ያን ቀን የቀለድኩትን ያህል ቀልጄ አላውቅም።

ቀትር ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። እትዬ የሺመቤት የጽጌን ጾም ይዘው ነበር፤ ራሳቸው ሥጋ አይቀምሱም። ለልጆቹ ግን በግ አሳረዱ። ያ ቋጣሪ ናቸው የተባሉ ሴትዮ በየልጁ መካከል እየዞሩ ያጎርሳሉ፤ «በቃኝ» የሚል ልጅ ሲያገኙ «ደቦዬን ልታሰድብ ነው?» ይሉታል። ብርዝ ጠጡ። ትንሽዬው ልጅ እንደ ተቀመጠ እንቅልፍ ወሰደው፤ ቁራጭ ሥጋ በእጁ እንደያዘ።

ማታ ሲሸኟቸው ደግሞ፣ «ከደቦ የወጣ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም» ብለው ዱቄትና ጎደሬ፣ አንድ ማሰሮ ሽሮ አሸከሟቸው። ገመቹ ሊያንገራግር ሲል እኔ በክርኔ ወጋሁት። «ልማድ ነው» አልኩት።

«ከተቆረቆረ ጀምሮ?» አለኝ።

«ከተቆረቆረ ጀምሮ።»

እሑድን ጠግበው ዋሉ። ሰኞ ትምህርት ቤት ሲገቡ የሰው ፊት የሚያዩት ቀና ብለው ነበር። ወሬው ከተማውን ሞላው። የሚቀጥለው ቅዳሜ አባ ወልደ ሚካኤል የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ የረገፈ ቅጠል በዝቶበታል ብለው ደቦ ጠሩ። ከዚያ ዳቦ ጋጋሪው እንጨት አስደረደረ። አንድ ነጋዴማ የሚያሠራቸው ሥራ አጥቶ ከግቢው ምሥራቅ ያለውን የድንጋይ ክምር ወደ ምዕራብ አስወሰደ፤ በሳምንቱ «አይ፣ የድሮ ቦታው ይሻላል» ብሎ አስመለሰ። ልጆቹ ገብቷቸዋል። እየሳቁ ተሸከሙ፣ እየሳቁ በሉ።

ወንዙ ጎድሎ አዲስ ግንድ ከተጣለ በኋላ የገመቹ አባት በረንዳዬ ላይ መጣ። አልተቀመጠም። እጄን በሁለት እጁ ያዘ። «ያን ቀን እሱ አንድ እርምጃ ሲጨምር እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር» አለኝ።  እኔም፣ ታምኑኛላችሁ? የምመልሰው ቀልድ አጣሁ።

ያቺ ቅዳሜ እኔን ምን እንዳደረገችኝ ልንገራችሁ። ድሮ ሰው ማሳቅ ለራሴ ነበር፤ ሲስቁልኝ ደስ ይለኛል፣ በቃ። ከዚያ ወዲህ ግን በረንዳዬ ላይ ሰው ሲመጣ ከሳቁ በፊት ፊቱን አያለሁ። የማይስቅ ካለ ለምን እንደማይስቅ እጠይቃለሁ። እናንተም አንባቢዎቼ፣ የራበው ልጅ ስታገኙ እንጀራውን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ልጁ ቀና ብሎ የሚበላበትን መንገድ አብራችሁ ይዛችሁ ሂዱ። መንገዱ ከጠፋ እንደ እኔ ፍጠሩት፤ የት እንደሆነ ግን መንገር እንዳትረሱ።

ገመቹ ዛሬ ኡካ አስተማሪ ነው፤ ክረምት ሲጠና ለተማሪዎቹ ደቦ የሚጠራው እሱ ነው። እትዬ የሺመቤት ነፍሳቸውን ይማርና፣ እስኪሞቱ ድረስ ሰማዩ ሲጠቁር «ወንዝ ሳይገቡ ልጆቹን ቅደማቸው» ብለው ይልኩብኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያ ወንዝ ስንት ጊዜ ሞልቷል፣ ስንት ድልድይ በልቷል። ከተማሪ ግን አንድም አልወሰደም። ይህን የምለው እኔ ደምሴ ነኝ፤ የማያምን ሄዶ ወንዙን ይጠይቅ።